የጋራ ጠላት ከጠፋ በኋላ ወታደራዊ ጥምረት ለምን ይቀጥላል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ኔቶ የተቋቋመው ሶቪየት ኅብረትን ለመመከት ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ሲፈርስ ኔቶ ለምን አብሮ አልፈረሰም? በጥቅሉ ወታደራዊ ጥምረቶች የተመሠረቱበት ስጋት ካለፈ በኋላ የሚቆዩት ለምንድን ነው? ቢሮክራሲው ወንበሩን አልለቅ ስላለ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?» በመልሱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጥያቄው ሥር አንድ ግምት አለ፤ ስጋት ጥምረትን ይወልዳል፣ ስጋቱ ሲሞት ጥምረቱም ይሞታል የሚል። የመጀመሪያው ግማሽ በአብዛኛው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ከታሪክ ጋር አይገጥምም፤ የማይገጥመውም በኔቶ ብቻ አይደለም። ስጋቱ ሳይጠፋ፣ እንዲያውም ይበልጥ ቀርቦ ሳለ የሞቱ ጥምረቶች አሉ። ሲአቶ የተባለው የደቡብ ምሥራቅ እስያ የቃል ኪዳን ድርጅት በሴፕቴምበር 1954 ማኒላ ላይ የተፈረመው ኮሚኒዝም በአካባቢው እንዳይስፋፋ ነበር። የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በ1975 በኮሚኒስቶች እጅ ገባች፤ ሲአቶ ደግሞ ጁን 30 ቀን 1977 ተዘጋ። ስጋቱ በረታ እንጂ አልጠፋም። ሴንቶ፣ ማለትም የቀድሞው የባግዳድ ቃል ኪዳን፣ ሶቪየት ኅብረትን በደቡብ በኩል ለመገደብ በ1955 ተመሥርቶ በ1979 ፈረሰ። የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን የገባው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው። ሞስኮና ቤጂንግ በ1950 የተፈራረሙት የ30 ዓመት ውል ደግሞ ጃፓንን በስሟ የጠራ ነበር። ውሉን የገደለው ግን የጃፓን ጉዳይ ሳይሆን ሁለቱ ፈራሚዎች እርስ በርስ መፈራራታቸው ነው፤ በ1969 ድንበራቸው ላይ ተታኮሱ፣ በ1980 ውሉ ሳይታደስ ቀረ።

የእርስዎ ቀመር በትክክል የሚሠራው ለአንድ ጦርነት ተብሎ በሚሰበሰብ ግንባር ላይ ነው። በ1912 ቡልጋሪያ፣ ሰርቢያ፣ ግሪክና ሞንቴኔግሮ አብረው የኦቶማንን መንግሥት ወጉ፤ አሸነፉም። በጁን 1913 ቡልጋሪያ በተያዘው ግዛት ክፍፍል ተቆጥታ የትናንት አጋሮቿን ሰርቢያንና ግሪክን ወጋች። የጋራ መምሪያ፣ የጋራ ገንዘብ፣ የጋራ አሠራር አልነበራቸውም፤ የጋራ የነበረው ጠላቱ ብቻ ነበር። እሱ ሲወገድ የሚያገናኛቸው ነገር አልተረፈም። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለበት የጦርነት ግንባርና ቋሚ ጥምረት ነው። ስጋት የሚያስፈርመው ነገር ነው፤ የሚያቆየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከዚህ በታች የምዘረዝረውም ይህንኑ «ሌላ ነገር» ነው።

ለማየት የሚቀለው የውሉ ጽሑፍ ነው። ጀርመንና ኦስትሪያ-ሃንጋሪ በ1879 የተዋዋሉት ሩሲያን በስም ጠርተው ነበር። ፈረንሳይና ብሪታንያ በ1947 ደንከርክ ላይ የፈረሙት ውልም ጀርመንን በስም ይጠራል። በኤፕሪል 4 ቀን 1949 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው የሰሜን አትላንቲክ ውል ግን 14 አንቀጾች ሲኖሩት አንዱም ሶቪየት ኅብረትን አይጠቅስም። በአንዱ አባል ላይ የደረሰ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል የሚለው አንቀጽ 5 የሚናገረው ስለ «የትጥቅ ጥቃት» ነው፤ አጥቂው ማንም ቢሆን። ስለዚህ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ከውሉ ውስጥ ትርጉም ያጣ ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው የጽሑፍ ጉዳይ የጊዜ ገደብ ነው። ጀርመን፣ ኦስትሪያ-ሃንጋሪና ጣሊያን በ1882 የመሠረቱት የሦስትዮሽ ጥምረት የአምስት ዓመት ውል ስለነበር በ1887፣ በ1891፣ በ1902 እና በ1912 እየታደሰ ነው የሄደው። እድሳት በመጣ ቁጥር ጣሊያን ተጨማሪ ነገር ትጠይቅ ነበር፤ በ1887 በባልካንና በሰሜን አፍሪካ ጉዳይ የተሻለ ቃል አግኝታበታለች። በ1915 ግን ጥላቸው ሄዳ ከተቃራኒው ወገን ተሰለፈች። በኔቶ ውል እንዲህ ያለ የእድሳት ቀን የለም። አንቀጽ 13 እንደሚለው ውሉ 20 ዓመት ከሞላው በኋላ መውጣት የፈለገ አባል ለአሜሪካ መንግሥት የመውጫ ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ማስታወቂያው ከተሰጠ ከአንድ ዓመት በኋላ ይሰናበታል። ይህ በር ከ1969 ጀምሮ ክፍት ነው፤ እስካሁን የወጣበት የለም። የአሜሪካና የፊሊፒንስ የ1951 ውል፣ የአሜሪካና የደቡብ ኮሪያ የ1953 ውል፣ የ1960ው የአሜሪካና የጃፓን ውልም እንዲሁ በአንድ ዓመት ማስታወቂያ የሚፈርሱ እንጂ በራሳቸው ጊዜ የሚያበቁ አይደሉም። ልዩነቱ ቀላል አይምሰልዎ። ቀን በተቆረጠለት ውል መንግሥትን ማሳመን፣ ምክር ቤት ማሳለፍ፣ መደራደር ያለበት ይቀጥል የሚለው ወገን ነው። ቀን ባልተቆረጠለት ውል ግን ይህ ሁሉ ሥራ የሚወድቀው ይፍረስ በሚለው ላይ ነው። ፖለቲከኛ ደግሞ ያለ አጣዳፊ ምክንያት እንዲህ ያለ ሸክም አይሸከምም።

ጽሑፍ ብቻውን ግን አያድንም። ሶቪየት ኅብረትና የምሥራቅ አውሮፓ አጋሮቿ የነበሩበት የዋርሶ ውል በኤፕሪል 1985 ለተጨማሪ 20 ዓመት ታድሶ ነበር፤ በወረቀት ደረጃ እስከ 2005 ይጸና ነበር ማለት ነው። ጁላይ 1 ቀን 1991 ፕራግ ላይ ፈረሰ። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

ከጽሑፉ ቀጥሎ መታየት ያለበት ጥምረቱ ያፈራው ንብረትና አሠራር ነው፤ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ጥምረት በ40 ዓመት ውስጥ የሚያከማቸው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለአንድ ጠላት ብቻ የተሰፋ ነው። በምዕራብ ጀርመን ከሰሜን እስከ ደቡብ ተደርድሮ የነበረው የሆክ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል መስመር ከምሥራቅ የሚመጣ የአየር ጥቃትን ከመጠበቅ ሌላ ጥቅም አልነበረውም፤ ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ እሱም ተነሣ። ሌላው ዓይነት ግን ጠላት የማይመርጥ ነው፤ የጋራ የዕዝ ሰንሰለት፣ የጋራ የሬዲዮ አሠራር፣ የጋራ የነዳጅ አቅርቦት፣ ከአንዱ ሠራዊት መጋዘን ወጥቶ በሌላው ጠብመንጃ የሚተኮስ 5.56 በ45 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ አሥር አገር አንድ የበረራ ዕቅድ የሚያወጣበት ሥርዓት። እንዲህ ያለው ነገር አዲስ ሥራ ሲመጣ ወዲያው ይውላል።

አንዱን በቅርብ እንመልከት። ጀርመን ውስጥ ጋይለንኪርሸን በሚባል ሰፈር የኔቶ የአዋክስ አውሮፕላኖች አሉ፤ ጀርባቸው ላይ ክብ ራዳር የተሸከሙ። አገልግሎት የጀመሩት በ1982 ሲሆን ዋና ዓላማቸው ዝቅ ብለው የሚበሩ የሶቪየት አውሮፕላኖችን ከርቀት ማየት ነበር። የአንድ አገር ንብረት አይደሉም፤ የተመዘገቡት በሉክሰምበርግ ነው፤ ሉክሰምበርግ ግን የራሷ የሆነ የጦር አውሮፕላን ምድብ አልነበራትም። በአንዱ አውሮፕላን ውስጥ የተለያየ አገር መኮንኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ስክሪን ያያሉ። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ አንቀጽ 5 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ሰባቱ ወደ አሜሪካ ተላኩ። ከኦክቶበር 2001 እስከ ሜይ 2002 የ13 አገር 830 ባልደረቦች ከ360 በላይ በረራ አድርገው የአሜሪካን ሰማይ ጠበቁ። ውሉ ሲፈረም የታሰበው አሜሪካ አውሮፓን ስትጠብቅ ነበር፤ የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ራዳሩ ደግሞ የሚያየው የሶቪየት አውሮፕላን ይሁን ሌላ ለእሱ ልዩነት የለውም።

ሌላው ምሳሌ ከመሬት በታች ያለ ነው። በ1950ዎቹ የተጀመረው የመካከለኛው አውሮፓ የነዳጅ ቧንቧ መስመር በፈረንሳይ፣ በቤልጅየም፣ በሉክሰምበርግ፣ በኔዘርላንድስና በጀርመን ውስጥ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል። የተቀበረው ጦርነት ቢነሣ ለጦር አውሮፕላኖች ነዳጅ እንዳይቋረጥ ነው። ጦርነቱ አልመጣም። የነዳጅ ቧንቧ ግን ዝም ብሎ ሲቀመጥም ወጪ አለው፤ ፓምፑ፣ ጥገናው፣ ጥበቃው አይቆምም። ስለዚህ ትርፍ አቅሙ ለሲቪል አየር መንገዶች ነዳጅ ማጓጓዣ ሆነ፤ እንደ ፍራንክፈርትና ብራስልስ ያሉ ትልልቅ ኤርፖርቶች ይጠቀሙበታል። ጥምረቱን በ1991 እናፍርስ ያለ ሰው ቢኖር ይህን መስመር ለማን እንደሚያስረክብ፣ ማን እንደሚጠግነው፣ ድንበር ላይ ማን እንደሚቆጣጠረው አምስት መንግሥታትን ሰብስቦ መደራደር ነበረበት። እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ።

በተቃራኒው ሲአቶን ይመልከቱ። ባንኮክ ላይ ጽሕፈት ቤት ነበረው፤ በየጊዜው ልምምድም ያደርግ ነበር። ቋሚ ጦርና የተዋሐደ ዕዝ ግን አልነበረውም፤ ከስምንቱ አባላት የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ሁለት ብቻ ነበሩ፣ ታይላንድና ፊሊፒንስ። የቬትናም ጦርነት ሲካሄድ ድርጅቱ እንደ ድርጅት አልተዋጋም። ሲዘጋ የሚያስረክበው ብዙ ነገር አልነበረም። የሚገርመው ግን የማኒላው ውል ራሱ ከድርጅቱ ጋር አልተሰረዘም፤ አሜሪካ ለታይላንድ ያላት የመከላከያ ግዴታ ዛሬም የሚቆመው በዚያ ወረቀት ላይ ነው።

እስካሁን ያልኩት ግን ማፍረስ ለምን ውድ እንደሆነ እንጂ መቆየት ለምን እንደሚፈለግ አይደለም። በእኔ ግምት ትልቁ ምክንያት አባላቱ እርስ በርስ ያላቸው ጉዳይ ነው። ጥምረት ወደ ውጭ ብቻ አያይም፤ ፈራሚዎቹን ራሳቸውን ይይዛል። ቅድም የጠቀስኩት የደንከርክ ውል በ1947 ጀርመንን ለመከላከል ተፈረመ። በ1948 ቤልጅየም፣ ኔዘርላንድስና ሉክሰምበርግ ተጨምረውበት የብራስልስ ውል ሆነ። በ1954 ምን ተደረገ? ውሉ ተሻሽሎ ምዕራብ ጀርመን ራሷ ገባችበት። ስጋት የተባለችው አገር አባል ሆነች፤ አባልነቱ ደግሞ መቆጣጠሪያም ነበር፤ ጀርመን በአፈሯ ላይ አቶሚክ፣ ባዮሎጂካልና ኬሚካል መሣሪያ ላለመሥራት ቃል የገባችው በዚያው ማሻሻያ ነው። በ1955 ኔቶ ስትገባም ጦሯ ከመጀመሪያው ቀን በጋራ ዕዝ ሥር ተደራጀ።

በ1990 ይኸው ጉዳይ ተመልሶ መጣ። ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሐዱ ለንደንም ፓሪስም ዋርሶም ያስጨነቃቸው ጥያቄ አንድ ነበር፤ በአውሮፓ መሐል ትልቅና ብቻውን የሚወስን ጦር ይቆማል ወይ የሚል። መልሱ ጀርመን በኔቶ ውስጥ እንድትቆይና ጦሯን በ370 ሺህ ሰው እንድትወስን ሆነ። በዚያ ወቅት ኔቶን ማፍረስ ማለት ይህን ጥያቄ እንደገና መክፈት ነበር፤ ጀርመኖቹ ራሳቸውም አልፈለጉትም፤ ጎረቤት የማይፈራው ጀርመን የሚጠቅመው ከሁሉ በፊት ለጀርመን ነው። የኔቶ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሎርድ ኢስሜይ የድርጅቱ ሥራ ሶቪየቶችን ውጭ፣ አሜሪካውያንን ውስጥ፣ ጀርመኖችን ደግሞ ዝቅ አድርጎ ማቆየት ነው ብለዋል እየተባለ ይነገራል። ከሦስቱ ሥራዎች በ1991 ያለቀው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም ለጊዜው።

በፓስፊክ በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በ1951 ከአሜሪካ ጋር የአንዙስን ውል የፈለጉት በዋናነት ጃፓን ዳግም ብትነሣ ዋስትና እንዲሆናቸው ነው። ጃፓን በአዲስ መልክ የአሜሪካ አጋር ሆና ስጋትነቷ ቀረ፤ አንዙስ ግን ቀጠለ። አውስትራሊያ ውሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀሰችው በሴፕቴምበር 2001፣ ከኒው ዮርኩና ከዋሽንግተኑ ጥቃት በኋላ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ገንዘብ። ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ሒሳቦች አሉ። አባል አገሮች ለየራሳቸው ጦር የሚያወጡት አንድ ነገር ነው፤ ለድርጅቱ የጋራ ካዝና የሚያዋጡት ሌላ ነው። የኔቶ የጋራ በጀት ከአባላቱ ጠቅላላ የመከላከያ ወጪ 0.3 በመቶ ገደማ ነው፤ በ2025 አሜሪካና ጀርመን እያንዳንዳቸው 16 በመቶ ያህሉን ይሸፍኑ ነበር። ድርጅቱን መዝጋት የሚያተርፈው ይህንኑ 0.3 በመቶ ነው። ወጪ መቀነስ የፈለገ መንግሥት ድርጅቱን ሳይነካ የራሱን ጦር ይቀንሳል፤ በ1990ዎቹ የሆነውም ይህ ነው። አውሮፓ ውስጥ የነበረው የአሜሪካ ጦር ከ300 ሺህ በላይ ከነበረበት በአሥርቱ ዓመት አጋማሽ ወደ 100 ሺህ ገደማ ወረደ። ጥምረቱ ቀረ፤ ጡንቻው ሟሸሸ። ኃያሉ አባል ደግሞ የሚከፍለው ያለ ትርፍ አይደለም፤ የጦር ሰፈር፣ ወደብ፣ የአየር ክልልና በአጋሮቹ ፖሊሲ ላይ የሚሰማ ድምፅ ያገኛል። ጃፓን በአገሯ ላሉ የአሜሪካ ሰፈሮች የጃፓናውያን ሠራተኞችን ደመወዝና የመብራትና ውሃ ወጪ በልዩ ስምምነት ትከፍላለች። ዋሽንግተን ጦሩን ወደ አገር ቤት ብትመልሰው ይህን የሚከፍልላት የለም።

አሁን ወደ ዋርሶ ውል ልመለስ፤ ለዚህ ጥያቄ ከሱ የተሻለ መፈተኛ የለምና። ሁለቱም ጥምረቶች የተጋጠሙት አንዱ ከሌላው ጋር ነው፤ ሁለቱም ጠላታቸውን ያጡት በአንድ ወቅት ነው፤ ሁለቱም መምሪያ፣ የጋራ ልምምድ፣ አንድ ዓይነት የጦር መሣሪያ ነበራቸው። የመሣሪያው ወጥነት እንዲያውም በዋርሶ በኩል ይበልጥ ነበር። የኔቶ የአውሮፓ ጠቅላይ አዛዥ ሁልጊዜ አሜሪካዊ ነው፤ የዋርሶውም ሁልጊዜ የሶቪየት መኮንን ነበር። ታዲያ አንዱ ለምን ሞተ?

ልዩነቱ የሚታየው አባል ልውጣ ሲል በሚሆነው ነገር ነው። ሃንጋሪ ኖቬምበር 1 ቀን 1956 ከዋርሶ ውል መውጣቷን አስታወቀች፤ ኖቬምበር 4 የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስትን ወረሩ። በኦገስት 1968 ደግሞ ውሉ በጋራ ጦር የዘመተበት አገር የራሱ አባል የሆነችው ቼኮስሎቫኪያ ነበረች። ፈረንሳይ በ1966 ከኔቶ የተዋሐደ ዕዝ ወጣች፤ የአጋሮቿን ወታደሮችና ዋናውን መሥሪያ ቤት ከአገሯ አስወጣች። መሥሪያ ቤቱ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ብራስልስ ሄደ፤ ፈረንሳይም የውሉ አባል ሆና ቆየችና በ2009 ወደ ዕዙ ተመለሰች። ግሪክ በ1974 በቆጵሮስ ጉዳይ ተቀይማ ከዕዙ ወጣች፤ በ1980 ተመለሰች። በነፃነት መኮረፍ የሚቻልበት ጥምረት የአባላቱን ፈቃድ በየጊዜው እያደሰ ይሄዳል። የዋርሶ ውል ግን ያቆመው ማስገደድ ነበር፤ ሞስኮ በ1989 ታንክ እንደማትልክ ሲታወቅ ለአባላቱ የቀረበላቸው ጥያቄ እንቆይ ወይ ሳይሆን በምን ያህል ፍጥነት እንውጣ የሚል ሆነ።

የቢሮክራሲውን ነገር በዚህ መነጽር ይዩት። ሠራተኛ ሥራውን እንደሚወድ፣ ድርጅትም ራሱን የሚያቆይበት ምክንያት እንደሚፈልግ አይካድም። የዋርሶ መምሪያ ባልደረቦችም፣ የሲአቶ የባንኮክ ጸሐፊዎችም፣ የሴንቶ የአንካራ ሹሞችም ሥራቸውን ይወዱ ነበር፤ አላዳናቸውም። ስለዚህ ቢሮክራሲን ብቻውን ምክንያት ማድረግ የማይገልጠው ነገር ይበዛል። ቢሮክራሲ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ መንግሥታት እንቆይ ብለው ሲወስኑ አዲሱን ሥራ አዘጋጅቶ በማቅረብ። ኔቶ በኖቬምበር 1991 ሮም ላይ አዲስ ስትራቴጂ ሲያጸድቅ ሶቪየት ኅብረት ገና አልፈረሰችም ነበር። በቀጣዩ ወር ከቀድሞ ባላንጣዎች ጋር የሚመክር ጉባኤ ተከፈተ፣ በጃንዋሪ 1994 «አጋርነት ለሰላም» የተባለው ፕሮግራም ተጀመረ። በፌብሩዋሪ 1994 የኔቶ ተዋጊ አውሮፕላኖች ቦስኒያ ሰማይ ላይ አራት የቦስኒያ ሰርብ አውሮፕላኖች መትተው ጣሉ፤ በ45 ዓመት ታሪኩ የመጀመሪያው ውጊያ መሆኑ ነው። በ1995 መጨረሻ 60 ሺህ ገደማ ወታደር ቦስኒያ ገባ። ለሶቪየት የተዘጋጀው ዕዝ የሶቪየትን ጥይት ሳይሰማ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ተተኪ ያለው ጥምረት ግን በሰላም ይሞታል። ያ የብራስልስ ውል የምዕራብ አውሮፓ ኅብረት ተብሎ እስከ 2011 ኖረ። የአውሮፓ ኅብረት በሊዝበን ውል አንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 7 የራሱን የመረዳዳት ግዴታ ሲያስገባ የቀድሞው ሥራ አጣ፤ አባላቱ ተስማምተው ዘጉት። ኔቶን በ1991 የሚተካ ነገር አልነበረም፤ የአውሮፓ ኅብረት ቀዳሚ የነበረው የአውሮፓ ማኅበረሰብ ዕዝ አልነበረውም፣ የአውሮፓ የጸጥታና ትብብር ጉባኤ የሚባለው መድረክ ደግሞ ጦር አልነበረውም። ጥምረት ለምን ቆየ ብሎ ከመጠየቅ በፊት በምን ይተካ ነበር ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ መልሱን ያሳጥራል።

መተኛትና መሞትም አይምታቱብን። የፊሊፒንስ ሴኔት በሴፕቴምበር 16 ቀን 1991 በ12 ለ11 ድምፅ የአሜሪካን ሰፈሮች ውል ውድቅ አደረገ፤ አሜሪካውያኑ በኖቬምበር 1992 ሱቢክን ለቀው ወጡ። የ1951ዱ የመከላከያ ውል ግን አልተነካም። ቻይና በ1995 ሚስቺፍ በሚባለው የባሕር ድንጋይ ላይ ግንባታ ስትጀምር ማኒላ ከመሳቢያ የምታወጣው ወረቀት ነበራት፤ በ1999 የአሜሪካ ወታደሮች የሚመላለሱበት ስምምነት ጸደቀ፣ በ2014 ደግሞ በፊሊፒንስ ሰፈሮች የሚጠቀሙበት። ከዚህ ሁሉ ረጅሙን እንቅልፍ የተኛው የእንግሊዝና የፖርቱጋል ውል ሳይሆን አይቀርም፤ በ1373 ተፈርሞ በ1943 ቸርችል በአዞሬስ ደሴቶች ሰፈር ለማግኘት ጠቅሰውታል።

መቆየት ግን ጤና ማለት አይደለም፤ የሚበላሸውም ነገር ብዙ ነው። አንደኛው ወረቀቱ ሲቀር ይዘቱ መፍሰሱ ነው። የ1947ቱ የሪዮ ውል የአሜሪካ አህጉር አገሮች አንዱ ለአንዱ እንዲቆም ያዛል፤ በ1982 አርጀንቲና በፎክላንድ ጦርነት ውሉን ስትጠራ ዋሽንግተን ከብሪታንያ ጎን ቆመች። ውሉ ከዚያ በኋላም አለ፤ የሚያምነው ግን ጥቂት ነው። አንዙስም አንድ እግሩን አጥቷል፤ ኒውዚላንድ በ1985 የኑክሌር መርከብ አላስገባም ስትል አሜሪካ በ1986 ለእሷ ያላትን ግዴታ አገደች፤ ውሉ ሳይሰረዝ።

ሁለተኛው ስጋቱ የተለያየ ሲሆን የሚመጣው ነው። የጋራ ጠላት ሲኖር ሁሉም የሚያየው አንድ አቅጣጫ ነው፤ ሲጠፋ ደቡቡ ወደ ሜዲትራኒያን፣ ምሥራቁ ወደ ሩሲያ፣ ዋሽንግተን ወደ እስያ ያያል። በኔቶ ውሳኔ የሚያልፈው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በስምምነት ነው፤ ብዙ ጊዜም ረቂቁ ይሰራጭና በተቆረጠው ሰዓት ማንም ካልተቃወመ ጸድቋል ይባላል። ፍላጎት ሲለያይ ይህ ሥርዓት የሚያስገኘው ሁሉም ሊፈርመው የሚችል ለስላሳ ቃል ነው። አፍጋኒስታን ላይ መዘዙ ታየ፤ አንዳንድ አገሮች ወታደሮቻቸው ከተመደቡበት ክልል እንዳይወጡ፣ ሌሎች ደግሞ ሌሊት እንዳይዘምቱ ከልክለው ነበር፤ አዛዡ ካርታው ላይ ያለውን ጦር ሁሉ ማዘዝ አልቻለም። በ2011 በሊቢያ ደግሞ ከ28ቱ አባላት ከግማሽ ያነሱት ናቸው በዘመቻው የተሳተፉት።

ሦስተኛው አከራካሪ ነው። ጥምረቱ ሥራ ሲፈልግ ይሰፋል፤ ፖላንድ፣ ሃንጋሪና ቼክ በማርች 12 ቀን 1999 ገቡ፣ በ12 ቀን ልዩነት የዩጎዝላቪያ የአየር ድብደባ ተጀመረ፤ በ2004 ሰባት አገር ተጨመረ። መስፋፋቱ የጠፋውን ጠላት መልሶ ፈጠረ የሚሉ አሉ። እኔ ግማሹን ነው የምቀበለው። የሞስኮን ቅሬታ እንዳባባሰ አያጠራጥርም። ነገር ግን አመልካቾቹ የተሰለፉት ብራስልስ ስለጠራቻቸው ሳይሆን የራሳቸውን የቆየ ፍርሃት ይዘው ነው፤ ለእነሱ ስጋቱ መቼም አልጠፋም ነበር። ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 የገቡት ደግሞ ከዩክሬን ወረራ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት ከውጭ መቆየትን መርጠው ነበር።

ስለ ሌላ ጥምረት ይህንኑ ጥያቄ መመለስ ከፈለጉ ከዜና መግለጫው አይጀምሩ። ውሉን ያውጡና ጠላት በስም ተጠርቶ እንደሆነ፣ ዘመኑ የሚያበቃበት ቀን እንዳለ፣ ማስታወቂያው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ያንብቡ። ቀጥሎ የጋራ የሆነውን ነገር ይቁጠሩ፤ አዛዥ፣ ሰፈር፣ ነዳጅ፣ ራዳር፣ አብሮ የሚሠራ ዕቅድ አውጪ ካለ ይቆያል፤ ጉባኤና የጋራ መግለጫ ብቻ ከሆነ አይተማመኑበት። ልውጣ ያለ አባል ምን እንደደረሰበት ይፈልጉ። አባላቱ ያለ ጥምረቱ እርስ በርስ ይፈራሩ እንደሆነ ይጠይቁ። በመጨረሻ ኃያሉ አባል በዚህ ምን እንደሚያገኝ ያስሉ፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ሴንቶ የኢራን አብዮት ሲመጣ የወደቀው ኢራንና ፓኪስታን ሲወጡ ለአሜሪካና ለብሪታንያ የሚያቆያቸው ጥቅም ስላልቀረ ነው።

ኔቶንም ቢሆን የሚገድለው ነገር ካለ ከጠላት መጥፋት ይልቅ ከዚህ በኩል ነው የሚመጣው። የአሜሪካ ኮንግረስ ይህን አስቦ በዲሴምበር 2023 በመከላከያ በጀት ሕግ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ያለ ሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወይም ያለ ኮንግረስ ሕግ ከውሉ መውጣት እንዳይችል ከልክሏል። ሕጉ የአንቀጽ 13ን በር ይጠብቃል። አንቀጽ 5 ግን እያንዳንዱ አባል «አስፈላጊ መስሎ የታየውን» እርምጃ እንዲወስድ ነው የሚለው፤ ስንት ብርጌድ፣ በስንት ቀን የሚል ቁጥር የለበትም፤ ያን የሚወስነው በዕለቱ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።